አሮጌ ኪቦርድ፦ በአምባሰል ቅኝት ስታይሉ (ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተው አጃቢ) ይጋጫል፣ ሁለት ቁልፎችም ይጮኻሉ

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ዲስኬት አሮጌ ያማሃ ነው። በሲ አምባሰል ስጫወት ግራ እጄ ሲ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲይዝ አጃቢው ከዜማው ይጋጫል። ሁለት ቁልፎች ደግሞ ቀስ ብዬ ብነካቸውም ይጮኻሉ። ምን ይሻላል?

መልስ (አራት ኪሎ)፦ ወንድሜ፣ ስታይሉ ጤነኛ ነው። አምባሰልህ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲ ሜጀር ኢ ይጨምርብሃል፣ ሲ ማይነር ደግሞ ኢ ፍላት፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ሲ ላይ ስታርፍ ከበሮና ቤዝ ብቻ አስቀር፤ ቤዙም ሲና ጂ ላይ የሚመላለስ ይሁን።

መልስ (ቸርችል ጎዳና)፦ ለቁልፎቹ፦ በየቁልፉ ሥር ሁለት የካርቦን መገናኛ ያለው ጎማ አለ። ኪቦርዱ የምትመታበትን ኃይል የሚለካው በሁለቱ መዘጋት መካከል ባለው ጊዜ ነው። ቀድሞ የሚዘጋው ሲቆሽሽ ይዘገያል፣ ጊዜው ስለሚያጥር በኃይል የተመታ ይመስለዋል። ከኤሌክትሪክ ንቀል፣ ብሎኖቹን በየቦታቸው ፎቶ አንሳ፣ ጎማውንና ቦርዱን 99% አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ በስሱ ጥረግ፣ በደንብ ይድረቅ። ቤንዚንና ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም! ካርቦኑን ይጨርሱታል። ጎማው ጠማማ ከገባ ጎረቤቱ ቁልፍ ዝም ይላል።

ጠያቂ፦ አንቺ ሆዬ ቅኝትስ?

መልስ (አራት ኪሎ)፦ ኤፍ ሜጀር ይስማማል። ሲ ላይ ግን የቤዙ ጂ ከቅኝቱ ጂ ፍላት ጋር ይጋጫል፣ እዚያ ከበሮ ብቻ።