ሽጉጥ ማውጣት የሚቻለው መቼ ነው?

ወገኖቼ፣ ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስወጣ መንገዱ ጭር ይላል። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ወገቤ ላይ ነው። ሰሞኑን ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ ተከተሉኝ። እጄ ጃኬቴ ስር ገብቶ እጀታውን ጨበጠ፤ ግን አልመዘዝኩም። ባጃጅ ሲመጣ ዘወር አሉ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ተመጣጣኝ ከሆነ አያስቀጣም ይላል። እሺ፣ ገና ሲከቡኝ፣ ቢላ ሳያወጡ ሽጉጡን ባወጣስ? ሳልተኩስ ማሳየቴ ብቻ ዛቻ ተብሎ ያስከስሰኛል? “ሮጠህ ማምለጥ ትችል ነበር” ብባልስ? ሰው መግደል አልፈልግም፤ ልጆቼን ያለ አባት ማስቀረትም አልፈልግም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዛችሁ ፍርድ ቤት የቆማችሁ ጠበቆች፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው?