የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር የካናቢስ ጋሚ ይዤ ልምጣ ይላል፣ ምን ልበለው?

የሂርማታው ልጅ

ሰላም ናችሁ። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው። ለእህቱ ሰርግ ጅማ ሊመጣ ነው። ትናንት በቴሌግራም ስናወራ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንዲወስደው የካናቢስ ጋሚ፣ ያው ከረሜላ የሚመስለውን ማለቴ ነው፣ እንደሚወስድና ይዞት እንደሚመጣ ነገረኝ። እኔ ክው አልኩ። እሱ ግን ዘና ብሎ «ከሱቅ የተገዛ ነው፣ ደረሰኝ አለኝ፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ጭራሽ «እናንተ ጋ ጫት በየደጁ እየተቃመ የኔ ከረሜላ ምን ሆነና ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ መልስ አጣሁ። አንድ ጓደኛዬ ደሞ «ሻሸመኔ እኮ ተፈቅዷል» አለኝና የባሰ አምታታኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ይዞ ቢመጣ ምን ይሆናል? እዚያ አገርስ ሕጋዊ ነው ሲባል እንዴት ነው ነገሩ፣ ማንም በፈለገበት ቦታ ነው የሚያጨሰው? ጉዳቱስ? እኔም ለማስተርስ ካናዳ እየሞከርኩ ስለሆነ ለራሴም ማወቅ እፈልጋለሁ። ስብከት ግን ይቅርብኝ፣ እሱን እናቴ ጋ በነፃ አገኛለሁ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ሳይነሳ ንገረው። እንዳያመጣ። በኢትዮጵያ ካናቢስ ክልክል ነው፣ በአጭሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525ን አንብብ፣ ማምረቱንም፣ ማዘዋወሩንም፣ መጠቀሙንም ይነካል። ወደ አገር ማስገባት ደግሞ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነገር ነው። ከረሜላ ይሁን ዘይት፣ ወይ የሚጨስ ቅጠል፣ ውስጡ ያለው ያው ነው።

ደረሰኙ ነገር ግን አሳቀኝ። ቦሌ ላይ ሻንጣው ቢከፈት ደረሰኙ አያድነውም፣ ምን እንደያዘ አውቆ እንደገዛ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይሆንበታል እንጂ። «እኔ ከረሜላ መስሎኝ» የሚለውን መውጫም ራሱ ዘጋው ማለት ነው።

የሻሸመኔው ወሬ ውሸት ነው። ራስታዎቹ እዚያ መሬት ተሰጥቷቸው ሰፍረዋል፣ ለእምነታቸው ይጠቀሙበታል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሕጉ ግን ለሻሸመኔ ብሎ የተለየ ቀዳዳ አልተወም። ሰው እዚያም ይታሰራል።

ዴንቨር ማታ

እኔ እዚሁ ዴንቨር ነኝ፣ የጭነት መኪና እነዳለሁ። የአክስትህ ልጅ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ።

ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቀደ፣ ሱቆቹ በጃንዋሪ 2014 ተከፈቱ። 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ይገባል፣ ይገዛል፣ ይወጣል። የሚበላው ዓይነት አንዱ ፍሬ ከ10 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው ነገር እሱ ነው) እንዲኖረው አይፈቀድም፣ እሽጉ በሙሉ ደግሞ ከ100 አይበልጥም። ፍሬው ላይ ራሱ ምልክት ይታተማል፣ ማሸጊያው ልጅ በቀላሉ የማይከፍተው ነው። መንገድ ላይ፣ ፓርክ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ማጨስ ግን ክልክል ነው። ቤትህ ነው የምትጠቀመው፣ እሱም አከራይህ ከፈቀደ።

አሁን ያልነገረህን ልንገርህ። ይሄ ሁሉ የስቴቱ ሕግ ነው። በፌደራሉ ሕግ አሁንም ክልክል ነው፣ አየርና ድንበር ደግሞ የፌደራል ናቸው። የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ግቢው ውስጥ ይዞ መገኘትን ከልክሏል። ስለዚህ ነገሩ ቦሌ ሳይደርስ፣ ገና ከቤቱ ሲወጣ ነው የሚጀምረው። በዱባይ በኩል የሚመጣ ከሆነማ ዝም በሉት፣ እነሱ በዚህ አይቀልዱም።

ሌላ አንድ ነገር፣ እዚህ ያለ ሀበሻ ብዙው የማያውቀው። ዜግነት ያልወሰደ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ስቴቱ ፈቀደ ብሎ ከተጠቀመ ኢሚግሬሽኑ በፌደራል ሕግ ነው የሚያየው። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀርቦ እጠቀማለሁ ማለት ራሱ ጣጣ ያመጣል። እኛ ከባድ መኪና የምንነዳ ደግሞ ምርመራ አለብን፣ ከተገኘብህ መንጃ ፈቃዱ አደጋ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቴ ነው የወሰድኩት ማለት አይሰራም፣ ሰውነት ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ አዘውትሮ የሚወስድ ከሆነ ሳምንታትም። ዘመድህ ሥራው ምንድነው?

መርቅኖ ያደረ

እኔን የሚገርመኝ ግን ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ ነው። እዚህ ጅማ ከሰዓት በኋላ ማንም ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ በርጫው ሲሄድ ፖሊስም ቀና ብሎ አያየው፣ ካናቢስ ይዘህ ብትገኝ ግን አለቀልህ። እነሱ ጋ ደግሞ ካናቢሱ በሱቅ ይሸጣል፣ ጫቱ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። እንግሊዝም በ2014 ከለከለችው። ሰው በምን ነው የሚለካው?

አንቀጽ ቆጣሪ

መርቅኖ ያደረ፣ ይሄ ጥሩ የበርጫ ጨዋታ ነው፣ ዳኛ ፊት ግን አይረዳህም። ዳኛው የሚጠይቅህ የቆምክበት አገር ሕግ ምን ይላል ብሎ ነው።

ነርሷ

እኔ እዚሁ ጅማ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሕጉን ጣጣ እነሱ ነግረውሃል፣ እኔን ያስፈራኝ ከረሜላ መሆኑ ነው።

እስቲ አስቡት። ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ሻንጣው ሳሎን መሃል ይዘረገፋል፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ከረሜላ ነው። አክስት ተነስታ እፍኝ እፍኝ ታድላለች። ለአዋቂ እንቅልፍ የተባለውን ፍሬ የአራት ዓመት ልጅ ሦስት አራቱን ቢበላ ይደነዝዛል፣ መቆም ያቅተዋል፣ ትንፋሹ እስኪደክም ሊደርስ ይችላል። ሐኪም ቤት ሲመጣ ደግሞ ማንም ካናቢስ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ወባ ነው፣ ማጅራት ገትር ነው ሲባል ጊዜው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር የትም ቢያጋጥማችሁ ሳትፈሩ፣ ሳትደብቁ የተበላውን ለሐኪሙ ንገሩ። እሽጉንም ይዛችሁ ሂዱ።

ለአዋቂውም ቢሆን በተፈቀደበት አገር ሰው የሚሸወደው በሚበላው ነው። ሲጨስ በደቂቃ ነው የሚሰማው። ሲበላ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ዝም ይላል። ሰውየው «አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ ይደግማል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡበታል። ልቡ ይመታል፣ ይፈራል፣ የሚሞት ይመስለዋል፣ ያውም እስከ ነገ ጠዋት። ለዚህ ነው ጀማሪ ከ2.5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀምር፣ ያን ቀን አይድገም የሚባለው። ከአልኮል ጋር መቀላቀል ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነው። እኛ ጋ ቅሞ፣ ከዚያ በጨብሲ መስበር የለመደ ሰው፣ ይሄንን ሦስተኛ ቢጨምርበት ልቡ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ጫቱም ካናቢሱም የልብ ምት ያፈጥናሉ።

በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይ ድምፅ መስማት ወይም ሰው ያሳድደኛል ማለት ያለበት ሰው ጭራሽ ባይነካው ነው የምለው። እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንደዚሁ። እንቅልፍ ያመጣል የሚለውንም በደንብ አስቡበት፣ በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፣ ያቆሙት ቀን እንቅልፉ ከበፊቱ የባሰ ይጠፋል።

ቶሮንቶዋ

የሂርማታው ልጅ፣ ስለ ካናዳ ስላነሳህ ነው። እዚህ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተፈቅዷል፣ ማለትም እንደ አሜሪካ ስቴትና ፌደራል የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ዕድሜው ግን ይለያያል፣ ኦንታሪዮ 19 ነው፣ አልበርታ 18፣ ኬቤክ 21። ከቤት ስትወጣ ደረቁን እስከ 30 ግራም መያዝ ትችላለህ። የሚበላው እሽግ በሙሉ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም፣ የዴንቨሩ አንድ ፍሬ የኛ ሙሉ እሽግ ነው።

ፈቃድ ካለው ሱቅ ግዛ፣ ከሰው እጅ አትግዛ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ዶርም ውስጥ ብዙ ጊዜ ማጨስ አይፈቀድም፣ ውልህን አንብብ። ወስደህ መሪ ላይ መቀመጥ ደግሞ ጨርሶ አታስበው። ጠጥቶ እንደነዳ ነው የሚቆጠረው፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ስለሆነ ካናዳዊ ያልሆነን ሰው እስከ መባረር ያደርሳል። ወደ አሜሪካ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድም ድንበሩን ይዘህ አትሻገር። ሁለቱም ወገን የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ መሻገሩ ወንጀል ነው።

ካልፈለግክም አትንካው፣ ማንም አያስገድድህም። እዚህ የማውቃቸው የአገር ልጆች ብዙዎቹ አይነኩትም፣ በዚህም የሚጠቆምባቸው የለም።

የሂርማታው ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ እህቴ ነርሷ። የእኛ ሻንጣ አከፋፈት ልክ እንደዛው ነው፣ አክስቴማ ዚፑን ራሷ ነች የምትከፍተው።

የጻፋችሁትን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ የልጆቹን ነገር ሲያነብ ግን «እሺ በቃ እዚሁ እተወዋለሁ» አለ። ሥራው ዴሊቨሪ ነው፣ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ የኢሚግሬሽኑን ነገር እንደማያውቅ ነገረኝ። አሁን ደሞ ያመጣው ጥያቄ፣ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ እንዴት ላድርግ የሚል ነው። እና ሲመለስ ለጓደኞቹ ትንሽ የደረቀ ጫት ልያዝላቸው ወይ ይላል 😂

ነርሷ

ለእንቅልፉ ከመነሳቱ በፊት የራሱን ሐኪም ያማክር። እዚህ ደርሶ ከሰው የእንቅልፍ ክኒን እየተዋሰ እንዳይውጥ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና ይቀንስ፣ ጅማ መጥቶ የሚቻል ከሆነ።

ዴንቨር ማታ

ጫቱን ተወው በለው። ደረቁም ያው ነው፣ እዚህ ይወረሳል፣ ከዚያ ደግሞ እሱ ራሱ ጥያቄ ይመለሳል። ቡና ይምጣ፣ የተቆላ፣ ሁለት ኪሎ። ለእኔም አንዱን።