የአዲስ አበባ የቤት እጥረት ስንት ነው? ከቆጠራውና ከምዝገባው የትኛውን ልያዝ?

የአራት ኪሎ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በከተማ የቤት አቅርቦት ላይ እያዘጋጀሁ ሲሆን አንድ ጥያቄ ከመግቢያው አላሳልፍ ብሎኛል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪዎችን፣ 662,728 ቤተሰቦችንና 628,984 መኖሪያ ቤቶችን መዝግቧል። ቤቱን ከቤተሰቡ ስቀንሰው የሚጎድለው 33,744 ብቻ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) መርሐ ግብሮች የተመዘገበው ሰው ግን ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። ከተማዋ በስድስት ዓመት ውስጥ የቱንም ያህል ብታድግ ይህን ያህል ልዩነት አይመጣም። አማካሪዬ «አንዱን ያዝና ምክንያትህን ጻፍ» ብለውኛል። የትኛውን ልያዝ?

ቆጣሪው፦
ሁለቱንም እንደ እጥረት አይያዙ። የመጀመሪያው ቁጥር የሚነግረን በአንድ ቤት ተደርበው የሚኖሩ ቤተሰቦችን ብዛት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አሳንሶ ነው የሚነግረን። በቆጠራ ቤተሰብ የሚባሉት አብረው የሚኖሩና ማዕዳቸው አንድ የሆነ ሰዎች ናቸው። ትዳር መሥርቶ ልጅ የወለደ ጎልማሳ ከእናቱ ቤት መውጫ አጥቶ ከአንድ ድስት የሚበላ ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ የእናቱ ቤተሰብ አባል እንጂ ቤት የሚያስፈልገው ሌላ ቤተሰብ አይደለም።

በቤቱ በኩል ደግሞ ስሕተቱ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ያዘነብላል። አራዳ ውስጥ ካሉት የቀበሌ ቤት ግቢዎች ወደ አንዱ ቢገቡ ነገሩ በዓይን ይታያል፦ አንዱ ጭቃ ቤት በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሏል፣ ለጓዳው በር ወጥቶለታል፣ የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፣ መጸዳጃውና ማዕድ ቤቱ የግቢው ሁሉ የጋራ ነው። የራሱ መግቢያ ያለው ክፍል ሁሉ እንደ አንድ መኖሪያ ሊቆጠር ስለሚችል ጓዳውም «ቤት» ይሆናል። እንግዲህ ቤተሰቡ አንሶ፣ ቤቱ በዝቶ ከተጻፈ በኋላ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆን ምን ይገርማል? ቆጠራው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውኃውና ስለ መጸዳጃው የጠየቃቸውን ሰንጠረዦች ሳያዩ በድምሩ ላይ ብቻ ምዕራፍ አይገንቡ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አለመካሄዱንም በግልጽ ይጻፉት፤ ዛሬ የሚሰሙት የከተማዋ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው።

ባንክ ቤት የሠራሁ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ምዝገባው ልጨምር። 900 ሺህ የተባለው በመንግሥት ድጎማ በሚቀርብ ዋጋ፣ በዕጣ ቤት ይደርሰኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ብዛት ነው። ቤት አጥቶ የተቸገረው በውስጡ አለ፤ ከወላጆቹ ጋር ተመችቶት እየኖረ ዕድሉን ለመሞከር የገባውም አለ። የቤቱ ዋጋ ከገበያው በታች እስከሆነ ድረስ ሰልፉ ሁልጊዜ ከችግሩ ይረዝማል። በአንጻሩ ወርኃዊውን ቁጠባ የማይችለው የቀን ሠራተኛ ከነጭራሹ አልተመዘገበም፤ ስለዚህ መዝገቡ ከላይም ከታችም ይዋሻል።

በገንዘቡ በኩል ካዩት ደግሞ 20/80 ማለት ተመዝጋቢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪው 80 በመቶ በንግድ ባንክ ብድር የሚሸፈንበት አሠራር ነው። ለግንባታው ወጪም የከተማው አስተዳደር ቦንድ እያወጣ ይሸጥለት የነበረው ይኸው ባንክ ነው። ቆጣቢው፣ አበዳሪውና ገንቢው በአንድ ኪስ የተያዙ በመሆናቸው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በናረ ቁጥር የግንባታው ፍጥነት ይወድቃል፤ ሰልፉ ግን ባለበት ይቀራል። በ14ኛው ዙር ለዕጣ የቀረበው 25,491 ቤት ነበር፤ የሐምሌ 2014ቱ ዕጣ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱን ያስታውሳሉ። በዚያ መጠን ቢሄድ የ2005ቱን መዝገብ ብቻ ለመጨረስ 35 ዙር ገደማ ይጠይቃል። ለጽሑፍዎ ከ33,744ም ከ900 ሺህም ይልቅ ይህ ስሌት የሚጠቅም ይመስለኛል።

የአራት ኪሎ ተማሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የኪራይ መረጃስ? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በወረዳ መመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ከቆጠራው የተሻለ ትኩስ መረጃ አይሆንም?

የካዛንቺስ ተከራይ የነበርኩ፦
ይጠቅማል፤ በጥንቃቄ ግን ይጠቀሙበት። አዋጁ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይጠይቃል፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከሁለት ወር አያሳልፍም፣ ጭማሪውንም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ይወስነዋል። ይህ ለተከራይ ዋስትና ነው፤ ነገር ግን ግብር የሚያስከትል መዝገብ ላይ የሚጻፈው ኪራይ ከኪስ የሚወጣውን ያህል መሆኑን ማን ያረጋግጣል? እኔ ስከራይ አከራዬ ውሉ ላይ ያሰፈሩት ገንዘብ ከምከፍለው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ልዩነቱን በእጅ እቀበላለሁ አሉኝ፤ አማራጭ ስላልነበረኝ ፈረምኩ።

ከዚህ የባሰው ደባሉ ነው። በመሀል ከተማ ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ ጓዳ የሚከራይ ሰው የጽሑፍ ውል የለውም። አካባቢው ለልማት ሲነሣ ምትክ ቤት የሚታሰበው በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ተከራይ ስለሆነ ደባሉ ዕቃውን ጭኖ ወደሚችለው ሰፈር ይሄዳል፤ በኪራይ መዝገቡም በምትክ መዝገቡም አይገኝም። የወረዳውን መረጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ጥቂት ግቢዎችን መርጠው በአንድ የመብራት ቆጣሪ ሥር ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ራስዎ በር አንኳኩተው ይጠይቁ።

ቆጣሪው፦
የመጨረሻው ምክር ጥሩ ነው። ሲጠይቁ «ስንት ቤተሰብ አለ?» ብለው አይጀምሩ፤ ደባል ያለው ሰው ይደብቅብዎታል። ማታ ስንት ሰው በየትኛው ክፍል እንደሚያድር ይጠይቁ፤ ቤተሰቡን ከዚያ ራስዎ ይለዩት።