«አላውቅም» ከ600 ጊዜ በላይ፦ የቴራኖስ መሥራች ቃል እንዴት ይመዘን?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። የኩባንያ መሪ መሐላ ፈጽሞ ለሚጠየቀው ሁሉ «አላውቅም» ቢል፣ መልሱ ይቆጠርበት ወይስ አይቆጠርበት? ኤልዛቤት ሆምስ በ2003 ቴራኖስን ስትመሠርት 19 ዓመቷ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም በመቶ የሚቆጠር ምርመራ የሚሠራ መሣሪያ አለን ብላ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበች። ኩባንያው 9 ቢሊዮን ተገመተ። በ2017 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ አስምሎ ሲጠይቃት «አላውቅም» ያለችው ከ600 ጊዜ በላይ ነው። የ2014 ገቢያችን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል ተብሎ ለባለሀብት ተነግሮ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ያገኘው ግን ከ100 ሺህ ብዙም ያልዘለለ ነው። ብር ሲቀበል ሁሉን ያወቀ ሰው፣ ሲጠየቅ ምንም ካላወቀ ይቆጠርበት ባይ ነኝ።

አስተርጓሚው፦
ወንድሜ፣ አልስማማም። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዲፖዚሽን፣ ማለትም ከችሎት ውጭ በመሐላ ለሚሰጥ የምስክርነት ቃል፣ አስተረጉማለሁ፤ ነገሩን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ችሎት አይደለም፣ ዳኛም የለም። የጠበቃ ቢሮ ስብሰባ ክፍል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቃል በቃል የምትጽፍ ጸሐፊ፣ ብዙ ጊዜም ካሜራ። በፌዴራል ደንብ አንድ ሰው በአንድ ቀን ቢበዛ ለ7 ሰዓታት ይጠየቃል። ጠበቃው «እቃወማለሁ» ቢልም አብዛኛውን ጊዜ ምስክሩ መመለሱ አይቀርም። ጠበቆች ምስክርን ሲያዘጋጁ አጥብቀው የሚነግሩት «የማታውቀውን አትገምት» የሚለውን ነው።

አንድ ቀን አንድ ያገራችን ሰው «እንጃ» አሉ። ጠበቃው ወደ እኔ ዞሮ «አላውቅም ማለታቸው ነው ወይስ አላስታውስም?» አለኝ። ራሴ ልወስን አልችልም፤ መልሼ ጠየቅኳቸው። ሁለቱ በሕግ ፊት ፍጹም የተለያዩ መልሶች ናቸው። ስለዚህ 600 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። እያንዳንዱ ለየትኛው ጥያቄ ተሰጠ? ቁጥር እየቆጠርን ከፈረድን፣ ነገ ሐቀኛው ምስክር ፈርቶ መገመት ይጀምራል።

የላብራቶሪዋ፦
አንተ ስለ ምስክር ትጨነቃለህ፣ እኔ ስለ ታካሚው። ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ከጣት ደም ለመውሰድ ስትጨምቀው ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስና ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ናሙናውን በማሽን ስታሽከረክረው ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ገለባ መምሰል ሲገባው ሮዝ ይሆናል። ይህን ጀማሪ ተለማማጅ ያውቀዋል። ከፍተኛ ፖታሲየም ማለት ደግሞ ልብ ሊቆም ይችላል ማለት ነው፤ ሐኪሙ ደውሎ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ «እንጃ» ብዬ ስልክ አልዘጋም። ሮዝ ከሆነ ጥዬው ሌላ ናሙና አስወስዳለሁ።

ቴራኖስ በራሱ መሣሪያ የሚሠራው አሥራ ሁለት ያህል ምርመራ ብቻ ነበር። ሌላው ከገበያ በተገዛ፣ አንዳንዱም ለትንሽ ደም እንዲሆን በተነካካ የሲመንስ ማሽን ነው የሚሠራው። ትንሿን ናሙና ያቀጥኗታል፤ ባቀጠኑ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል። በ2016 መንግሥት ሆምስን ለሁለት ዓመት ላብራቶሪ እንዳትመራ ከለከላት። ታዲያ በ2017 ስለዚያው ላብራቶሪ ስትጠየቅ አላውቅም ማለት እንዴት ይሆናል?

አስተርጓሚው፦
እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ግን ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በዲፖዚሽን ጭምር ነው። ፓርትነር ፈንድ የሚባል የሳንፍራንሲስኮ ፈንድ በ2014 ወደ 96 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ፣ በ2016 ቴራኖስን በዴላዌር ግዛት ፍርድ ቤት አታላችሁኛል ብሎ ከሰሰ። ጠበቆቹ 22 የቀድሞ ሠራተኞችንና የቦርድ አባላትን አስምለው ጠየቁ። ቴራኖስ ከገበያ የሚያመጣው መሣሪያ በሌላ ኩባንያ ስም ይገዛ እንደነበር በሰነዱ ቀረበ። ጉዳዩ በ2017 በስምምነት አለቀ፤ ቃሉ ግን ተጽፎ ቀርቷል። የአለቃ «አላውቅም» ዋጋ የሚያገኘው ከበታች ሠራተኛው «ነግሬያት ነበር» ጎን ሲቀመጥ ነው። በ2022 ሆምስ ጥፋተኛ ስትባልም አላውቅም ስላለች አልነበረም። የመድኃኒት አምራቹን የፋይዘርን አርማ ፋይዘር ሳይፈቅድ በራሷ ሪፖርት ላይ ለጥፋ ለባለሀብቶች መላኳን፣ ችሎት ላይ ራሷ አምናለች።

የላብራቶሪዋ፦
የምትጠቅሰው ፍርድ እኮ ነው የሚያበሳጨኝ! በባለሀብቶቹ በኩል በአራት ክሶች ጥፋተኛ፣ በታካሚዎቹ በኩል በአራቱም ነጻ። 11 ዓመት ከ3 ወር የተፈረደባት ለሀብታም ገንዘብ ነው። በተሳሳተ ውጤት ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችው እናትስ?

አወያይ፦
ሀብታሞቹም ሳይጠይቁ ነው የሰጡት። የሚኒስትርና የጄኔራል ስም ቦርዱ ላይ አይተው ከ100 ሚሊዮን በላይ የከፈሉ ቤተሰቦች አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ነው። ቢሆንም አለመጠየቃቸው የዋሸውን ንጹሕ አያደርገውም።

ባለአክሲዮን፦
ልጆች፣ እኔ ሀብታም አይደለሁም። አዲስ አበባ ፋብሪካ ሊተክል በምሥረታ ላይ ነኝ ካለ ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁ፣ ጡረታ ስወጣ ካገኘሁት ብር። ደረሰኙን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አጥፌ ነው የማስቀምጠው፤ ማኅተሙ ደብዝዟል። ፋብሪካው ዛሬም አጥር ብቻ ነው። በጉባኤ ተነሥቼ «ብራችን የት ደረሰ?» ስል ሰብሳቢው «እኔ አላውቅም፣ ፋይናንስን ጠይቁ» አለኝ። የፋይናንስ ኃላፊው በዕለቱ አልመጣም። ሰው አጨበጨበና ወደ ምሳ ሄደ። በመሐላ ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ ነበር?

አስተርጓሚው፦
ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ጥሩ ጠበቃ «አላውቅም» ሲባል አይቆምም። ወዲያው «ማን ያውቃል?» ይላል። ቀጥሎ «የትኛው ሰነድ ላይ ይገኛል?»፣ ከዚያ «ሰነዱን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?» ይላል። አራት አምስት ጥያቄ ከሄደ በኋላ፣ አላውቅም ያለው ሰው ማወቅ ይገባው እንደነበር ወረቀቱ ራሱ ያሳያል። እርስዎም እንደዚሁ ይጠይቁ።

አወያይ፦
በዚህስ አሳመንከኝ። ቁጥሩን ትቼ ጥያቄዎቹን ልያዝ።

ባለአክሲዮን፦
ጻፍኳቸው፣ ሦስቱንም። የሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ጥያቄዬም መልሱም እንዳለ ይጻፍልኝ።