ትምህርት ቤቱ «ልጃችሁ ይገምገም» ሲል እንፈርም ወይስ አንፈርም?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ከአንዲት የሜሪላንድ እናት የመጣ ነው። ልጇ ሦስተኛ ክፍል ነው። እዚሁ አሜሪካ ተወለደ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ያወራል፣ ንባብ ግን እምቢ ብሎታል። የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት ልትገመግመው የፈቃድ ወረቀት ልካለች። እናት መፈረም ትፈልጋለች። አባት ግን «ልጄን ስፔሻል ኢድ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት) ሊከቱብኝ ነው» ብሎ ወረቀቱን ደብቆታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በግልጽ ጻፉ። ስድብ አይፈቀድም።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦ እኔ ከአባትየው ጋር ነኝ። አትፈርሚ እህቴ። በዚህ አገር ጥቁር ወንድ ልጅ ትንሽ ከተቁነጠነጠ ችግር አለበት ይባላል። የኔ ትልቁ ልጅ ኬጂ ሲገባ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ክፍል ውስጥ ዝም ይላል። ብዙም ሳይቆዩ «ይገምገም» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ዛሬ በሒሳብ ከክፍሉ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ያኔ ፈርሜ ቢሆን የት ይሆን ነበር? አንዴ የተለጠፈ ስም በቀላሉ አይላቀቅም። ደግሞስ እኛ አገር ቤት ስልሳ ሆነን በአንድ ክፍል ተምረን የለም እንዴ? ሳይኮሎጂስት የሚባል ማን አይቶ ያውቃል?

የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፣ ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እየተፈተኑ «የአእምሮ ዘገምተኞች» ወደሚባል ክፍል ይላኩ ነበር። ወላጆች ከሰሱ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በስምምነት አሠራሩ እንዲለወጥ ተደረገ። በ1979 ደግሞ አንድ የፌዴራል ዳኛ እዚያው ካሊፎርኒያ ጥቁር ልጆች በአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ወደ እነዚያ ክፍሎች እንዳይመደቡ ከለከለ። በደሉ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነው።

ግን ሕጉም ከዚያ ተምሯል። አሁን የምንሠራበት አይዲኢኤ የተባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ መሠረቱ የ1975ቱ ሕግ ነው። ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በራሱ ቋንቋ ይገምገም ይላል። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን ክልክል ነው። የችግሩ ዋና ምክንያት እንግሊዝኛ አለመቻል ከሆነም ልጁ የስፔሻል ኢድ ተማሪ ሊባል አይችልም። ያንተ ልጅ ጉዳይ ይኸው ነበር።

የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ ግን ሌላ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ አሁንም ፊደል ከድምፅ ማገናኘት ካቃተው መታየት አለበት። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ፈተና አላወጣም። ዓይኑና ጆሮው መታየቱን እጠይቃለሁ። ክፍል ገብቼ ከኋላ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ እናቱን አነጋግራለሁ። በአማርኛ ስንት ዓመቱ ላይ አፉን ፈታ? የሰማውን ተረት መልሶ ይናገራል? ታናሹ ቶሎ የያዘውን ነገር እሱ ይረሳል? በሁለቱም ቋንቋ ከተቸገረ ችግሩ ከቋንቋ መልመድ በላይ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) እና ጊዜ ነው። ይህን የሚነግረኝ ወላጅ እንጂ ፈተና አይደለም። በቃል ሳይሆን በሥዕልና በቅርጽ የሚሠሩ ፈተናዎችም አሉ፤ እነሱን እጨምራለሁ።

አገር ቤት ስልሳ ሆነን ተማርን ላልከው፣ አዎ ተማርን። ከስልሳው መሃል በየዓመቱ እየደገሙ፣ በአለንጋ እየተገረፉ፣ አራተኛ ክፍል ሳይደርሱ የቀሩትን ልጆችም አስታውስ። «ሰነፍ» ተባሉ እንጂ ማን ለምን ብሎ ጠየቀ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ፈርሜያለሁ። ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ የንግግር ቴራፒስቷም ሳይኮሎጂስቷም ብዙ ረድተውታል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ስሙ አትጨነቁ፤ ልጁ በዲፕሎማ መስመር ላይ ነው ወይስ በሰርተፊኬት መስመር ብላችሁ ጠይቁ። በሜሪላንድ ከባድ የአእምሮ እድገት ችግር ላለባቸው ልጆች የተዘጋጀ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት አለ። ሰርተፊኬት ዲፕሎማ አይደለም። እኔን ልጄ ገና በአንደኛ ደረጃ ሳለ ለዚያ መስመር «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብለውኝ ነበር። አልፈርምም አልኩ። ልጁን ወደዚያ ለማስገባት የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ ዝም አትበሉ፤ እምቢ ካላችሁም በጽሑፍ በሉ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦ ይኸው! እሷ ነቅታ ነው የዳነችው። ስንቱ ወላጅ ሳይገባው ይፈርማል?

አስተርጓሚ፦ እዚህ ላይ ጋሼ እውነት አላቸው። እኔ በእነዚህ ስብሰባዎች አስተረጉማለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ተቀምጧል፤ መምህር፣ ሳይኮሎጂስት፣ ቴራፒስት። እናትየው ብቻዋን ናት። የሥራ ሰዓቷ ይቆጠራል። ረጅሙ ሪፖርት በአምስት ደቂቃ ይነበባል፣ እኔም እየሮጥኩ አስተረጉማለሁ፣ እሷ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ፈጣን ንግግርና አክብሮት ሲገናኙ ሰው ባልገባው ነገር ይስማማል። ይህ ያሳዝነኛል። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልመና አይደለም። ሪፖርቱን ከስብሰባው በፊት ላኩልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የራሱን ድክመት በራሱ አፍ ማስተርጎም ግፍ ነው።

አስተያየት ከኔታንያ፦ ሰላም ከእስራኤል። እኛም ቤተ እስራኤሎች ከኢትዮጵያ በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ከመጣን በኋላ ያየነው ይህንኑ ነው። ልጆቻችን አይተው በማያውቁት ፈተና እየተመዘኑ ልዩ ክፍል ገቡ። ሪዩቨን ፎየርስታይን የሚባል ሳይኮሎጂስት ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ልጁ ምን ያውቃል ብሎ አይቆምም፤ ፈተናው ላይ ያስተምረዋል፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተማረ ያያል። ከኢትዮጵያ ከመጡ ልጆች ጋርም ሠርቷል። ገምጋሚው በምን መንገድ ነው የሚገመግመው? እዚያም ጠይቁ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦ እሺ፣ ይህን ሁሉ የምታደርግ ጎበዝ ሳይኮሎጂስት አለች እንበል። ጊዜ ግን አላት? የኛዋ ሁለት ትምህርት ቤት ትሠራለች። ልጄን መቼ ነው ቁጭ ብላ የምታየው?

የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፦ ልክ ነህ፣ ጊዜ የለንም። የሙያ ማኅበራችን ለ500 ተማሪ አንድ ሳይኮሎጂስት ይኑር ይላል። በአገር ደረጃ ግን ለአንድ ሰው ከሺህ በላይ ተማሪ ይደርሰዋል። በዚህ ላይ አልከራከርህም፤ የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ መጥተህ ይህንኑ ብትናገር ደስ ይለኛል። የጊዜ እጥረት ግን ልጁ እንዳይታይ ምክንያት መሆን የለበትም።

ለወላጆቹ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ ፊርማዎች አሉ። አሁን የተላከው ለግምገማ ብቻ ነው። ብትፈርሙ ልጁ ነገ ክፍል አይቀየርም። በፌዴራሉ ሕግ ከፊርማ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ግምገማው ማለቅ አለበት፤ ክልሎች የራሳቸውን ቀን ሊያወጡ ይችላሉ። ውጤቱ ላይ ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ሌላ ገለልተኛ ገምጋሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ግምገማቸው ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳሉ። የስፔሻል ኢድ አገልግሎት እንዲጀመር ደግሞ ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልጋል። ያንን እምቢ ካላችሁ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። ከጀመራችሁ በኋላም በጽሑፍ ማቆም ትችላላችሁ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦ ሁለት ፊርማ መሆኑን አላውቅም ነበር። አቋሜ ግን አልተቀየረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ንባብ ሲያቅተው ዝም ብለው አይተው፣ አሁን «ይገምገም»? መጀመሪያ የንባብ እገዛ ይስጡት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፦ እገዛው ከግምገማው ጎን ለጎን ይሰጥ። አንዱ ሌላውን ማዘግየት የለበትም። የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴርም በ2011 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለክልሎች ጽፏል። ሦስተኛ ክፍል ላይ አንድ ዓመት ማጣት ብዙ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ ነው የሚመጣው።

አወያይ፦ እናትየው እየተከታተለች ነው። አባት ወረቀቱን ገና አላወጣውም። ሌላ ቅጂ መጠየቅ እችላለሁ ወይ ትላለች።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ትችላለች። ግን ከሱ ተደብቃ አትፈርም። ሳይኮሎጂስቷን ለብቻ ቀጠሮ ትጠይቃት፣ አስተርጓሚ ይመደብ፣ ባልየው ራሱ ገብቶ ጥያቄውን ይጠይቅ። ጥያቄውን በኢሜል ትላክ፤ ቀኑ የተመዘገበ ይሁን።