ለጀልባ ጥገና የትኛው ኮምፔንሳቶ ያዛልቃል?

ጥያቄ (የጣና ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ጣና ሐይቅ ላይ የምንሠራባት የእንጨት የሞተር ጀልባ አለችን። ሆዷ የተለበጠው ባለ 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሆን፣ ከኋላ በኩል፣ ሞተሩ በሚታሰርበት ሰሌዳ ሥር፣ በጣት ሲጫኑት እስኪሰረጉድ ድረስ በስብሷል። ገበያ ላይ ያገኘሁት ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ተራውን፣ ለአርማታ የሚውለውን ጥቁር ፊት ያለውን፣ እንዲሁም «ማሪን» (ለጀልባ የሚሆን) የሚል ማኅተም ያለበትንና ዋጋው የማይቀመሰውን ነው። የሐይቁ ውኃ ጨው ስለሌለው፣ ጥቁሩን ብጠቀም ያዛልቀኛል?

መልስ (አናጢው)

ተራውን ከወዲሁ ይተዉት፤ ኮላው እርጥበት አይችልም። የጥቁሩ ኮላ ብዙውን ጊዜ ውኃ ቢችልም፣ የተሠራው አርማታ ተሸክሞ በኋላ እንዲጣል ስለሆነ በውስጠኛ ንጣፎቹ መካከል ክፍተት አይጠፋም፤ በአንዲት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውኃም በዚያው ክፍተት ተጉዞ ከማይታይ ቦታ ያበሰብሳል። በዚያ ላይ ጥቁሩ ሽፋን ተፍቆ ካልተነሣ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያና ማሸጊያ) አይዝበትም።

ማሪን ነው ቢባልም ማኅተሙን ብቻ አይመኑ። ጠርዙን ብርሃን ላይ አዙረው ይዩት፤ ንጣፎቹ ቀዳዳም ሆነ በስቱኮ የተደፈነ ቦታ ሳይኖራቸው ከዳር እስከ ዳር መሄድ አለባቸው። ከዚያም ቁራጭ ወስደው ለጥቂት ሰዓታት ይቀቅሉት፣ ያድርቁት፣ ደግመው ይቀቅሉት፤ ከተላቀቀ ለጀልባ አይሆንም። ሻጩ ቁራጭ ከከለከለዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

መልስ (ከባሕር ማዶ)

በአናጢው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጨው አልባ ውኃ ለእንጨት ይራራል የሚለው ግምት የተገላቢጦሽ ነው። ጨው የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ስለሚገታ፣ እንጨትን ይበልጥ የሚጎዳው ጨው የሌለው ውኃ፣ በተለይም ጀልባው ውስጥ የሚያቁር ዝናብ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ውኃው ከኋላ ለምን እንደተጠራቀመ ይመርምሩ።

ቢኤስ 1088 የተባለው የብሪታንያ ደረጃ ስለ ኮላውና ስለ ንጣፎቹ ጥራት ይናገራል እንጂ እንጨቱ አይበሰብስም ማለት አይደለም። በዚህ ደረጃ ኮምፔንሳቶ ከሚሠራባቸው እንጨቶች አንዱ የሆነው ኦኩሜ ቀላልና ለሥራ የተመቸ ቢሆንም፣ ካልታሸገ ቶሎ ይበሰብሳል።

ጥያቄ (የጣና ዳር)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማሪኑን ልገዛ ነው። አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር እንዴት ላጋጥመው?

መልስ (አናጢው)

የበሰበሰውን ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው ያውጡ። ከዚያ የአሮጌውንና የአዲሱን ጠርዝ ተደራርበው እንዲጣበቁ በሰያፍ ይላጉ፤ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ለእርስዎ 72 ሚሊሜትር ይሁን። ቦታው ለመላግ ካልተመቸ ከውስጥ በኩል ደጋፊ ቁራጭ በኤፖክሲ ይለጥፉ። ውኃ የሚጠጣው ጠርዙ ስለሆነ፣ እሱንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደጋግመው ኤፖክሲ ያጠጡ። ይህን የሚያደርጉት ግን አሮጌው እንጨት በሚገባ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥቡ ካሸጉት ብስባሹን ከውስጥ ቆለፉበት ማለት ነው።