ተከራይ መራጮችን እንዴት ላግኛቸው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ (ስሙን ልተወው፣ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ) በበጎ ፈቃድ አባላት አስተባብራለሁ፤ ሰዉም የምርጫ ካርድ እንዲያወጣ እቀሰቅሳለሁ። ከቤት ባለቤቶቹ ጋር ችግር የለብኝም፤ በዕድሩም በቡናውም እንገናኛለን። ያስቸገሩኝ ተከራዮቹ ናቸው፤ በእኛ ብሎክ ደግሞ ከባለቤቶቹ ይበዛሉ።

ሕጉ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ዜጋ ይመዘገባል ይላል። የብዙዎቹ መታወቂያ ግን የድሮ ሰፈራቸው ነው። መሸኛ ለማምጣት ከሥራ ማስፈቀድ አለባቸው፤ አከራዩም የኪራይ ውል ሲጠይቁት ፊቱ ይጠቁራል፣ ግብሩን ፈርቶ መሰለኝ። አንዳንዱ እንዲያውም «ነገ ለምለቀው ሰፈር ምን አገባኝ?» ይለኛል። እዚህ ላይ መልስ ያጥረኛል።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሰፈር ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ፣ መታወቂያው የሌላ ወረዳ የሆነን ሰው በምን ማስረጃ አስመዘገባችሁ? በር ለማንኳኳትስ ማታ ይሻላል ወይስ እሁድ? ማታ ስሄድ ጥበቃው «የፓርቲ ወረቀት አይገባም» ብሎ ይመልሰኛል። ከነዋሪዎች ኮሚቴ ደብዳቤ ባጽፍ ያስገባኝ ይሆን?